ጋይድ ናምበር ምንድን ነው? ሜትር አይደለም፣ ጉልበትም አይደለም

«ኤዲ 200 እኮ ጋይድ ናምበሩ 52 ነው። የኔ ፍላሽ 60 ነው። ታዲያ ሰው ለምን ብሩን ይበትናል?»

ኤዲ 200 ጎዶክስ የሚሠራው፣ ካሜራ አናት ላይ ከሚሰካው ጉልበቱ የሚበልጥ ፍላሽ ነው። ይህን ያለው ጀማሪ ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍኩ። ግን ሰርግ ሲያነሳ ዓመታት ያስቆጠረ፣ ለሌላውም የሚያስተምር ሰው ነው። አጠገቡ የነበሩትም «እውነቱን ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያው ሳምንት አንድ ሻጭ ደግሞ ያንኑ 60 «60 ሜትር ይመታል» ብሎ ሲያስረዳ ሰማሁ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ስህተታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

የሻጩን ቶሎ እንጨርሰው። ጋይድ ናምበር ርቀት (በሜትር) በአፐርቸር፣ ማለትም በሌንሱ ቀዳዳ የኤፍ ቁጥር፣ ሲባዛ የሚገኝ ቁጥር ነው። ኤፍ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ፍላሹ በሙሉ ጉልበቱ ሲተኮስ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ። ቁጥሩ 60 ከሆነና ሙሽራዋ 10 ሜትር ላይ ከቆመች ኤፍ 6 ይመጣል፤ ኤፍ 5.6 በሉት። 5 ሜትር ላይ ኤፍ 12። በዚሁ ስሌት በአይኤስኦ 100 60 ሜትር ለመድረስ ኤፍ 1 ያስፈልጋል። 200 ሚሊሜትር ሆኖ ኤፍ 1 የሚከፍት ሌንስ ካገኛችሁ ለእኔም ንገሩኝ።

የሚያናድደኝ የሰርግ አንሺው ነው። ሳጥኑ ላይ 60 ብቻውን አልተጻፈም። አጠገቡ በደቃቅ ፊደል «200 ሚሜ» ይላል፤ የፍላሹ ዙም ማለት ነው። እሷን የሚያነብ የለም።

ግቢ ውስጥ አትክልት በጎማ ያጠጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የጎማውን አፍ በአውራ ጣት ጫን ስታደርጉት ውሃው አጥሩ ድረስ ይወረወራል። ስትለቁት እግራችሁ ሥር ይፈሳል። ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ያው ነው። ጣታችሁ አንድ ጣሳ እንኳ አልጨመረችም። የፍላሹ ዙም ያቺ አውራ ጣት ናት። ወደ 200 ስትወስዱት መብራቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ወደ ኋላ ይሸሽና ብርሃኑ ጠበብ ብሎ ይወጣል። ርቆ ይሄዳል፣ ቁጥሩም ያድጋል። ኃይሉ ግን ንቅንቅ አላለም። (ፊዚክስ የተማረ ሰው «ጎማው ሲጠብ ውሃው ይፈጥናል፣ ብርሃን ግን አይፈጥንም» ይለኛል። ልክ ነው። እኔ ግን ከጎማው ጋር ገና አልጨረስኩም።)

ካኖን የቀድሞ ፍላሾቹን ስም ሳይቀር ከዚህ ቁጥር ነበር የሚያወጣው። 430 ማለት 43፣ 580 ማለት 58፣ 600 ማለት 60። 600ው ያቺን 60 የሚያገኘው 200 ሚሊሜትር ላይ ነው። ወደ 35 ሚሊሜትር መልሱት፣ 36 ይሆናል። ኒኮን ደግሞ ኤስቢ 910ን 34 ነው የሚለው፤ የለካው ግን 35 ሚሊሜትር ላይ ነው። ሳጥን ከሳጥን ብቻ ያየ ሰው «ካኖኑ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው» ይላል። እኩል ዙም ላይ ሲተያዩ 36 እና 34 ናቸው። ልዩነቱን ፎቶው ላይ በዓይን አትለዩትም።

አሁን ወደ ወዳጃችን ልመለስ። ወንድሜ፣ የኤዲ 200 52 የተለካው በተራው የፍላሽ ጭንቅላት፣ 35 ሚሊሜትር ላይ ነው። ያንተን 60 እዚያው 35 ላይ አምጣው። ካኖኑን የሚያህል ጥሩ ፍላሽ ቢሆን 36 ነው። ስለዚህ ክርክሩ 52 ለ 36 ነው።

እዚህ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ጋይድ ናምበር እንደ ኪሎ አይቆጠርም። ብርሃን በርቀት ካሬ ስለሚቀንስ ቁጥሩ እጥፍ እንዲሆን አራት እጥፍ ብርሃን ይፈልጋል። በብርሃን 60 የ30 ሁለት እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። 52 ደግሞ ከ36 በመጠኑ የበለጠ ይመስላል እንጂ ብርሃኑ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ሮቶው ትልቅ ነዋ! 200 ዋት ሰከንድ (የአንድ ተኩስ ጉልበት መለኪያ) ይይዛል። ካሜራ አናት ላይ የምንሰካቸው ትልልቅ ፍላሾች በአብዛኛው ከ80 ዋት ሰከንድ አያልፉም።

ሶፍትቦክስ ውስጥ ስትከቱት ደግሞ ጨዋታው በሙሉ ሮቶው ነው። ብርሃኑን ጨርቅ ውስጥ ለመበተን ገዝታችሁ አውራ ጣት ምን ያደርግላችኋል? ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር እዚያ ጋ ሥራውን ጨርሷል።

ከአሜሪካ ዘመድ ፍላሽ የላከላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። እዚያ በጫማ ይለካሉ። «የኔ 197 ነው» ብሎ የተኩራራ ሰው አውቃለሁ። 197 ጫማ 60 ሜትር ነው፤ ያው ፍላሽ ነው።

ጣሪያ ላይ አንጥረው የሚያነሱም ስሌቱን አይመኑት። መቆጠር ያለበት ብርሃኑ ወደ ጣሪያ የሄደበትና ወደ ሰው የተመለሰበት መንገድ በሙሉ ነው፣ በዚያ ላይ ጣሪያው የሚበላው አለ። ነጭና ዝቅ ያለ ጣሪያ እንኳ ሁለት ስቶፕ ያህል (ብርሃኑን ወደ ሩብ የሚያወርድ) ቢወስድባችሁ አይግረማችሁ። የሰርግ ድንኳን ከሆነ ደግሞ ባታነጥሩ ይሻላል። ሰማያዊ ሸራ ላይ የተነጠረ ብርሃን የሙሽራውን ነጭ ሸሚዝ ምን እንደሚያደርገው አይቻለሁ። የሙሽራዋን እናት ፊት ምን እንዳደረገውማ አልናገርም።

ቀትር ላይ ከቤት ውጭ አንስተው «ፍላሹ ደከመ» የሚሉም አሉ። አልደከመም። ሹተሩን ከ1/250 ሰከንድ ገደማ ሲያሳልፉት ኤችኤስኤስ (ፍላሽ ከፈጣን ሹተር ጋር የሚሠራበት ስልት) ውስጥ ገባ። ያኔ ፍላሹ ውሃውን አንዴ አይደፋም፤ ሹተሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ቧንቧውን ቶሎ ቶሎ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ብዙው የሹተሩ መጋረጃ ላይ ይቀራል፣ ፎቶው ጋ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ይህንንም አያውቅም።

ባትሪስ? ባትሪ ፓምፑ ነው። ሮቶው በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይወስናል እንጂ ሮቶውን አያሰፋም። ሊትየም ስለሆነ «ጉልበት አለው» የሚባለው ለዚህ ነው የማይዋጥልኝ። ቶሎ ይሞላል፣ በቃ። እርግጥ ኬክ ሲቆረስ ያቺ ሰከንድ ዋጋ አላት።

እንግዲህ ሳጥኑን ካላመናችሁ ራሳችሁ ለኩት። ጨለም ያለ ክፍል ግቡ፤ ነጭ ግድግዳ ብርሃን እየመለሰ ያታልላል፣ ከግድግዳ ራቅ በሉ። ዙሙን 35 ላይ አድርጉ። ሙሉ ጉልበት፣ አይኤስኦ 100። ከፍላሹ ልክ 3 ሜትር ላይ ላይት ሜትር (ብርሃን መለኪያ) ያዙና ተኩሱ። የሚያሳያችሁን ኤፍ በ3 አባዙት። ፍላሹ እስኪሞላ ጠብቁ፤ አረንጓዴው መብራት በራ ማለት ሙሉ በሙሉ ሞላ ማለት ላይሆን ስለሚችል ጥቂት ሰከንድ ጨምሩለት።

እኔ ባለፈው በርካሽ የገዛሁትን አንዱን እንዲህ ለካሁት። ሦስት ጊዜ ተኮስኩ፣ ሦስቱንም ኤፍ 8 አለኝ። ሳጥኑ ላይ በትልቁ 60 ይላል። ከሥሩ በእስክሪብቶ 24 ብዬ ጽፌበታለሁ።