ቬገስ ነርቭ፦ ከአንጎል ግንድ እስከ አንጀት

ቬገስ ከአንጎል በቀጥታ ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች 10ኛው ነው፤ በርዝመትም ሆነ በሚያዳርሳቸው አካላት ብዛት ከእነሱ መካከል የሚስተካከለው የለም። ግራና ቀኝ ሆኖ ከአንጎል ግንድ ይነሣል፤ በአንገት ከትልቁ ደም ቅዳ ጎን ወርዶ ለልብ፣ ለሳንባ፣ ለጨጓራ፣ ለጉበት፣ ለቆሽትና ለአብዛኛው አንጀት ቅርንጫፍ ይሰጣል። አንዲት ቀጭን ቅርንጫፉ ጆሮ ድረስ ስለምትሄድ፣ አንዳንድ ሰው ጆሮውን ሲጠርግ ሳል ይይዘዋል።

ከክሮቹ 80 በመቶ ያህሉ ትእዛዝ አያወርዱም፤ ከደረትና ከሆድ የሚነሣውን መረጃ ወደ አንጎል ያደርሳሉ። የሚወርደው ትእዛዝ ለልብ ልጓም ነው። ልብ ለብቻው ቢተው በደቂቃ 100 ጊዜ ገደማ ይመታ ነበር፤ ያረፈ ሰው ትርታ ከዚያ የሚያንሰው ቬገስ ስለሚይዘው ነው። ለሆድ ግን ማነቃቂያ ነው፤ መንዝ ላይ የገብስ ቆሎ ሽታ ገና አፍንጫ ሲደርስ ጨጓራ አሲድ ማመንጨት የሚጀምረው በእሱ አማካይነት ነው። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ጣርማ በርን አልፎ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ደብረ ብርሃን የወጣ እንግዳም ልቡ ፈጠን ቢልበት አይገርምም፤ ኦክስጅን ሲያንስ ይህ ልጓም ይላላል።

እ.ኤ.አ. በ1921 ተመራማሪው ኦቶ ሎዊ የአንድ እንቁራሪት ልብ ቬገስ ቀስቅሶ፣ ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወደ ሌላ ልብ ቢያዛውረው ሁለተኛውም ዘገየ። መልእክቱን የሚያደርሰው አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር መሆኑ ታወቀ፤ ሎዊም በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ነገሩ ለሽንኩርትና ለማሾ አምራቹ ሩቅ አይደለም። እንደ ማላታዮን ያሉ ፀረ ተባዮች አሴቲልኮሊን ሥራውን ጨርሶ እንዳይፈርስ ያግዱታል፤ የተመረዘ ሰው ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ሳንባው በፈሳሽ ይታፈናል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ብዙ ጊዜም ልቡ ይዘገያል። ሐኪም ቤት አትሮፒን የሚሰጠው ይህን ለመግታት ነው። የሚረጭ ሰው ጓንትና ጭምብል ማድረጉ ቅንጦት አይደለም።

ሌላው ጉዳይ እንቅርት ነው። በደጋው ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈር ስላጠበው በሽታው የቆየ ነው፤ አዮዲን ያለበት ጨው የመጣውም ለዚሁ ነው። እንቅርቱ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ሐኪሙ አጥብቆ የሚጠነቀቀው ለአንድ የቬገስ ቅርንጫፍ ነው። የግራው ደረት ድረስ ወርዶ፣ ከልብ የሚወጣውን ትልቅ ደም ቅዳ ዞሮ፣ በእንቅርቱ ጀርባ ወደ ማንቁርት ይመለሳል። ከተጎዳ ድምፅ ይጎረንናል፤ የሁለቱም ወገን ከተጎዳ መተንፈስም ያስቸግራል።

ደም ወይም መርፌ አይቶ ራስን መሳትም አብዛኛውን ጊዜ የቬገስ ሥራ ነው፦ ልብ ይዘገያል፣ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግፊት ይወርዳል። በእኛ ዘንድ የወደቀውን ከብቦ ቀና ማድረግ የተለመደ ነው፤ የሚበጀው ግን አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ ነው።

ቬገስን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ መሣሪያ በአሜሪካ ለሚጥል በሽታ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ለጽኑ ድባቴ በ2005 ተፈቅዷል። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ግን ነርቩ የሁሉም ደዌ ቁልፍ ሆኗል። በዝግታ መተንፈስና ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መንከር የልብ ትርታን ለጊዜው ማዘግየታቸው እውነት ነው። ስኳርን፣ ግፊትንና ጨጓራን ይፈውሳሉ ተብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ግን አደጋ ነው።