የስጋት ደረጃ አሰጣጥ በእንግሊዝ ቻይልድማይንደሮች ቤት

በእንግሊዝ አገር በገዛ ቤቱ የሌላ ሰው ልጅ ተቀብሎ በክፍያ የሚጠብቅ ባለሙያ ቻይልድማይንደር ይባላል። ባለሙያ ያልነው በምክንያት ነው። ምዝገባና ፍተሻ ያለበት ሥራ ሲሆን፣ «ልጅ መያዝ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ምዝገባውን ያመጣው የ1948 ሕግ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። በ2001 ቁጥጥሩ ከአካባቢ አስተዳደሮች ትምህርት ቤቶችንና የሕፃናት ማቆያዎችን ወደሚፈትሸው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ወደ ኦፍስቴድ፣ ዞረ።

በ2008 ሥራ ላይ የዋለው የሕፃናት መመሪያ የስጋት ግምገማው (ልጅን ምን ሊጎዳ እንደሚችል የሚታይበት ሥራ) ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲከለስ ያዝ ነበር። ከ2014 ወዲህ ደግሞ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ይሁን የሚል ግዴታ የለም። የትኛው መጻፍ እንዳለበት የሚወስነው ጠባቂው ራሱ ነው። ቤቱ ውስጥ ምን፣ መቼ፣ በማን እንደሚታይና ስጋቱ እንዴት እንደሚቀነስ ግን መታወቅ አለበት።

መመሪያው ነጥብ ስጡ አይልም። ቁጥሩ የመጣው ከሥራ ቦታ ደህንነት አሠራር ነው። አደጋው የመድረስ ዕድሉ ከ1 እስከ 5፣ ጉዳቱ የሚከፋበት መጠንም ከ1 እስከ 5 ይሰጠዋል፤ ከዚያ ሁለቱ ይባዛሉ። ከ1 እስከ 3 ብቻ የሚሰጡም አሉ። «ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ» ብሎ መጻፍም ያስኬዳል።

ለምሳሌ የሐበሻ ቤት ቡናን እንውሰድ። ረከቦቱ መሬት ላይ ነው፣ ጀበናው ትኩስ ነው፣ መራመድ የጀመረ ልጅ ደግሞ በዙሪያው ይዞራል። ዕድሉ 4፣ ጉዳቱ 4፣ ድምር ሳይሆን ብዜት ነውና 16። ጀበናውና ስኒው ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ቢወጡ ዕድሉ ወደ 2 ይወርዳል፤ ውጤቱ 8 ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ጉዳቱንም አብሮ ይቀንሳል። ቡናው ግን ከፍ ስላለ አልበረደም። ትኩስ መጠጥ ከተቀዳ ከ15 ደቂቃ በኋላም ሕፃን ሊያቃጥል ይችላል። ቡናውን ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ማፍላት ግን ስጋቱን ከነአካቴው ያስቀረዋል።

ማባዛቱ አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። በየቀኑ የሚላጥ ጉልበት 5 ጊዜ 1፣ 5 ነው። እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችው ትንሽ ባትሪ ካቢኔ ውስጥ ተቆልፎባት ዕድሉ 1 ቢሆንም፣ ጉዳቷ 5 ስለሆነ እሷም 5 ታገኛለች። ባትሪዋ ግን ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። የመስኮት መጋረጃ ገመድም እንደዚሁ ነው፤ አንገት ያንቃል። ስለዚህ ጉዳቱ 5 የሆነን ነገር፣ ብዜቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሳይነኩ አለመተው ይሻላል የሚሉ አሉ። ትክክል ይመስላል።

ነጥቡ ከልጅ ወደ ልጅ ይለያያል። አንድ ቻይልድማይንደር በመደበኛው ደንብ ከ8 ዓመት በታች እስከ 6 ልጆች ይይዛል። ከእነሱ ውስጥ ከ3 የማይበልጡት ትንንሾች (በግምት እስከ 5 ዓመት ያሉ)፣ ከ1 የማይበልጠው ደግሞ ከአንድ ዓመት በታች ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤት ሲገቡ ጠዋት ነጥቡ 2 የነበረው ምንጣፍ ይለወጣል። የሌጎ ቁርጥራጭ ይበተንበታል፣ ሕፃኑም እዚያው ይድሃል። ከቤት ውጭ ለመውጣትም ግምገማ ግዴታ ነው። ባይጻፍም፣ ስንት አዋቂ ለስንት ልጅ እንደሚያስፈልግ ሳይታሰብ መውጣት አይፈቀድም።