«ሳንም ናስም ያው ነው» እና ሌሎች የስቶሬጅ ስህተቶች

ሳን ሰርቨሮችን ከስቶሬጅ ጋር ለማገናኘት ብቻ የሚዘረጋ ኔትወርክ ነው። በብዙ ዳታ ሴንተሮች የሚሠራው ለስቶሬጅ በተሠራው የኔትወርክ ቴክኖሎጂ፣ በፋይበር ቻነል ነው። የቀረው የመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ደግሞ አይፒ ነው። ስቶሬጅን በእነዚህ ኔትወርኮች ላይ ለማስኬድ የወጡት ፕሮቶኮሎች ስሞች ስለሚመሳሰሉ ባለሙያውን ሳይቀር ያምታታሉ።

«ሳን ማለት ትልቅ ናስ ነው»

አይደለም። ናስ፣ ማለትም ኔትወርክ ላይ የተሰካ የፋይል ማከማቻ፣ የሚሰጣችሁ ፋይል ነው፤ ፋይል ሲስተሙን የሚያስተዳድረው ራሱ ነው። ሳን የሚሰጠው ግን ባዶ ዲስክ ነው፤ ሉን ይባላል። ፎርማት የሚያደርገው ሰርቨሩ ነው።

መዘዙ የሚመጣው አንዱን ሉን ለሁለት ሰርቨር ሰጥተው እንደ ሼርድ ፎልደር ሲቆጥሩት ነው። ሁለቱም በተለመደው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም፣ በኤክስት4፣ ማውንት አደረጉት እንበል። አንደኛው ፋይል ይጽፋል። ሁለተኛው አያየውም፤ የዲስኩን የቀድሞ መልክ ሜሞሪው ላይ ይዟላ! ቦታው ባዶ ስለሚመስለው የራሱን ይደርብበታል። በዚያች ቅጽበት ኤረር የሚባል ነገር ላይመጣ ይችላል። ጉዱ የሚወጣው ሰንብቶ፣ ፋይሎቹ አልከፈት ሲሉ ነው። ሉን መጋራት ካስፈለገ እንደ ቪኤምኤፍኤስ ወይም ጂኤፍኤስ2 ያለ ለዚሁ የተሠራ ፋይል ሲስተም ይፈልጋል።

«አይስካዚ ፋይበር ቻነልን በአይፒ ላይ ማሳለፊያ ነው»

አይስካዚ ውስጥ ፋይበር ቻነል የሚባል ነገር የለም። ሰርቨር ዲስክን የሚያዝባቸው የስካዚ ትእዛዞች በቀጥታ በቲሲፒ ተጭነው ይሄዳሉ፤ የተለመደው ፖርት 3260 ነው። ጠያቂው ሰርቨር ኢኒሼተር፣ ስቶሬጁ ታርጌት ይባላል። የአይስካዚ ሰርቨር ፋይበር ቻነል ብቻ ካለው ስቶሬጅ ጋር እንዲነጋገር መሐል ላይ የሚያስተረጉም ጌትዌይ ያስፈልጋል።

«ኤፍሲአይፒ እና አይኤፍሲፒ አንድ ናቸው»

ሁለቱም ፋይበር ቻነልን በአይፒ ላይ የሚያሳልፉ ናቸው፤ መንገዳቸው ግን ይለያል። ኤፍሲአይፒ ፖስታን ሌላ ፖስታ ውስጥ እንደመክተት ነው። የፋይበር ቻነሉ ፍሬም እንዳለ በቲሲፒ ተጠቅልሎ ይሄዳል። በሁለቱ ጫፍ ያሉት ስዊቾች በአንድ ገመድ የተያያዙ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ ሳኖች አንድ ፋብሪክ (አንድ የተያያዘ የስዊቾች መረብ) ይሆናሉ። ይህ ነው የሚዘነጋው። መስመሩ መጣ ሄደ ሲል የሚናጠው የሁለቱም ወገን ሳን ነው። ስዊቾቹ ተመሳሳይ ዶሜይን ቁጥር (የስዊች መለያ) ካላቸው ደግሞ ፋብሪኮቹ ጭራሽ አልዋሐድ ሊሉ ይችላሉ። መፍትሔው ፋብሪኮቹን ሳያዋሕድ የሚያገናኝ የፋይበር ቻነል ራውቲንግ በመሐል ማስገባት ነው።

አይኤፍሲፒ እያንዳንዱን ግንኙነት በጌትዌይ በኩል ለየብቻ በቲሲፒ ስለሚወስድ ሁለቱ ወገኖች ሳይዋሐዱ ይኖራሉ። ሐሳቡ ለእኔ የተሻለ ነበር፤ ገበያው ግን ኤፍሲአይፒን መረጠ።

«ኤፍሲኦኢም የአይፒ ነው»

አይፒ የለበትም። ኤፍሲኦኢ የፋይበር ቻነል ፍሬምን ኢተርኔት ላይ በቀጥታ ስለሚያስቀምጥ የተለመደ ራውተር አያሻግረውም።

«ባንድዊድዝ ካለ ርቀት ችግር አይደለም»

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ 100 ኪሎ ሜትር ፋይበር ደርሶ መልስ 1 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ባንድዊድዙን አሥር እጥፍ ብታሳድጉም ያው ነው። ይባስ ብሎ አንድ የስካዚ ጽሕፈት በተለመደው መንገድ ሁለት ምልልስ ይጠይቃል፦ መጀመሪያ «ልጽፍ ነው» ይባላል፣ «ላክ» የሚል መልስ ይጠበቃል፣ ከዚያ ዳታው ተልኮ «ደርሷል» ይባላል። ሲንክሮነስ ሬፕሊኬሽን ላይ፣ ማለትም ጽሕፈቱ ሩቅ ያለው ቅጂ ላይም ሳይደርስ አለቀ በማይባልበት ጊዜ፣ ዳታቤዙ ይህን ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። አንዱ ሳያልቅ ሌላው የማይጀምር ከሆነ በሰከንድ ከ500 ጽሕፈት አይበልጥም። ራይት አክሰለሬሽን ያላቸው ጌትዌዮች አንዱን ምልልስ ያስቀራሉ። ርቀቱ ሲገፋ ግን የሩቁን ቅጂ መልስ የማይጠብቀው ኤሲንክሮነስ ይሻላል፤ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ጽሕፈቶች ማጣት እንዳለ አውቆ።

«ቻፕ ከበራ ዳታው ተመስጥሯል»

ቻፕ አይስካዚ ላይ በሚስጥር ቃል የማጣሪያ ዘዴ ነው፤ የሚያጣራው ማንነትን ብቻ ነው። ዳታው ራሱ በግልጽ ነው የሚሄደው፤ እሱን ለማመስጠር አይፒሴክ አለ። ቢያንስ ስቶሬጁን ለብቻው በተለየ ቪላን (በስዊች ላይ በተከፈለ የተለየ ኔትወርክ) ላይ አድርጉት። ቻፕ ሳያበሩ በኢኒሼተር ስም ብቻ የሚያጣሩም አሉ። ሊኑክስ ላይ ያ ስም በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ የተጻፈ አንድ መስመር ነው፤ ሩት የሆነ፣ ማለትም የማሽኑ ሙሉ ሥልጣን ያለው፣ ሁሉ ይቀይረዋል።