ሊቀበሉን ወጡ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ከናይሮቢ ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ስለ ጉባኤው የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ መልካም ጊዜ ነበር፣ ጌታ ይመስገን። እኔን እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ግን ከጉባኤው በፊት ያለው፣ የደረስኩበት ምሽት ነው።

ከደብረ ብርሃን ስነሳ እህቶች በሶ ቋጥረውልኝ፣ እኔም አራት ስብከት አዘጋጅቼ ነበር። በልቤ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፤ በሰው አገር ያሉትን ወንድሞቼን ላጽናና። ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሼ ብወጣ የሚቀበለኝ የለም። ስልኬ አይሠራም። በዙሪያዬ የሚነገረው ኪስዋሂሊ ነው፣ አንድ ቃል አላውቅም። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሆነ። እዚህ ከጠባሴ እስከ መናኸሪያ ስሄድ ሰላም የሚለኝ ሰው አላጣም፤ እዚያ ግን ስሜን የሚያውቅ አንድ ፊት አልነበረም። ፈራሁ። በስንት ሰው ላይ እጄን ጭኜ «አትፍራ» ብያለሁ፤ ያን ምሽት ግን እኔው ፈራሁ።

ከዚያ ሦስት ወንድሞች እየሮጡ መጡ። መንገዱ ተዘጋግቶባቸው ነው። አንደኛው ዘበኛ ነው፣ የሌሊት ተረኛ ነበርና ሌላ ሰው ተክቶ፣ የደንብ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ነው የመጣው። «መጋቢ፣ ይቅር ይበሉን፣ አስጠበቅንዎት» እያሉ አቅፈው ሳሙኝ። እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

ሌሊት የሐዋርያት ሥራ 28ን ገለጥኩ። ብዙ ጊዜ ያነበብኩት ክፍል ነው፤ 15ኛው ቁጥር ላይ ግን ቆሜ አላውቅም ነበር። ጳውሎስ እስረኛ ነው። መርከብ ተሰብሮበት፣ በመላጥያ ደሴት ሦስት ወር ከርሞ ወደ ሮም እየቀረበ ነው። ከሦስት ዓመት ገደማ በፊት ለሮም አማኞች መንፈሳዊ ስጦታ ሊያካፍላቸው እንደሚናፍቅ ጽፎላቸው ነበር። አሁን በወታደር እየተጠበቀ መጣ። ወንድሞችም መምጣቱን ሰምተው እስከ አፍዩስ ፋሩስና እስከ ሦስት ማደሪያ ድረስ ሊቀበሉት ወጡ።

አፍዩስ ፋሩስ ከሮም 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ሦስት ማደሪያ ደግሞ 50 ገደማ። ከእኛ ከተማ ተነሥቶ፣ ጣርማ በርን አልፎ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ ደብረ ሲና እንደመድረስ ማለት ነው። አስፋልቱን በመኪና የምታውቁት በእግር አስቡት። ያውም ለእስረኛ፤ ቢታዩ ከእርሱ ጋር ሊቆጠሩ ለሚችሉበት ሰው።

«ጳውሎስም ባያቸው ጊዜ እግዚአብሔርን አመሰገነ ልቡም ተጽናና» ይላል። ልቡ ተጽናና ከተባለ፣ መጽናናት የሚያስፈልገው ልብ ነበረው ማለት ነው። በዚያ ማዕበል 276 ሰው በነበረበት መርከብ ላይ ቆሞ «አይዞአችሁ» ያለው ሰው ነው እንዲህ የተባለለት። ወንድሞች ምን እንዳሉት ሉቃስ አልጻፈልንም። ትንቢት ተናገሩለት፣ ጥቅስ ጠቀሱለት አይልም። አያቸው፤ በቃው።

እኛ አገልጋዮች መስጠት እንወዳለን። መቀበል ግን ይከብደናል። ደከመኝ ያለ መጋቢ እምነቱ የጎደለ ይመስለናል፤ ስለዚህ ቤታችን ብቻችንን እናለቅሳለን። እንዲህ ሆነው የተሰበሩ ወንድሞችን አውቃለሁ፤ ስለ እነርሱ ልቤ ያዝናል። ጳውሎስ ግን መጽናናቱን አልደበቀም፤ ሉቃስም ጽፎ አስቀረልን።

በናይሮቢ ሳለሁ አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣብኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ከጓደኛው ከኢዘንበርግ ጋር ወደዚሁ ወደ እኛ አገር፣ ወደ አንኮበር መጥቶ ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተቀበሉት፤ እንደ አገሩ ወግ ለእንግዳ ድርጎ ይሰፈር ነበር። በ1842 ከሸዋ ወጥቶ ሲጓዝ ወሎ ላይ ተዘረፈ፤ ተመልሶም ሸዋ መግባት አልቻለም። ከዚያ ዛሬ ኬንያ ውስጥ ወዳለችው ወደ ሞምባሳ ሄደ፤ በ1844 ሚስቱንና አራስ ልጁን እዚያው ቀበረ። ከእኛ ተራራ ወርዶ በዚያ ባሕር ዳር ሁለት መቃብር የቆፈረውን ሰው እያሰብኩ፣ በዚያ ቀን ደጁን ያንኳኳለት ማን ይሆን እል ነበር።

ተመልሼ ደብረ ብርሃን ስገባ ጥያቄው ተከትሎኝ መጣ። ከቀያቸው ተፈናቅለው እዚህ ከተማችን የተጠለሉ ወገኖች ዓመታት አስቆጥረዋል። እኔም ሄጄ አውቃለሁ። ዱቄትና ዘይት አድርሼ፣ ጸልዬ፣ ቶሎ ተመልሻለሁ። ቁጭ ብዬ ቡናቸውን ግን ጠጥቼ አላውቅም። ይህን በፊታችሁ እናዘዛለሁ። ጳውሎስ ሮም ከገባ በኋላ በተከራየው ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ የሚመጡትን ሁሉ ይቀበል ነበር፤ መንገድ ላይ ወጥተው የተቀበሉት ሰው ቤቱን ለሰው ከፈተ።

ባለፈው ቅዳሜ ምንም ሳልይዝ ሄድኩ። ባዶ እጅ መሄድ ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ቀን አየሁ። ከወለጋ የመጡ አንዲት እናት በላስቲክ መጠለያቸው ደጅ ቡና ይቆሉ ነበር። ያለቻቸውን አንዲት በርጩማ አነሡና በነጠላቸው ጠርገው ለእኔ አስቀመጡ፤ እሳቸው መሬት ላይ ሊቀመጡ። «ኧረ እናቴ፣ እርስዎ ይቀመጡ» ብላቸው «እርስዎ እንግዳ አይደሉ?» አሉኝ።

በገዛ ከተማዬ እንግዳ ሆኜ ተቀመጥኩ። እስከ በረካ ቆየሁ።