401 ሲመጣ ብሮውዘሩና ሰርቨሩ ምን ይባባላሉ?

አንድ ገጽ ልትከፍቱ ስትሉ ትንሽ ሳጥን ብቅ ብላ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ትጠይቃችኋለች። ከጀርባ ያለው ንግግር አጭር ነው። ብሮውዘሩ መጀመሪያ ባዶ እጁን ይሄዳል። ሰርቨሩ፣ ማለትም ገጹን የያዘው ኮምፒውተር፣ 401 በሚል የመልስ ቁጥር ይመልሰዋል። ግን እንዲሁ አያባርረውም፤ በመልሱ ራስጌ (ከይዘቱ በፊት በሚመጡት የመረጃ መስመሮች) ላይ የሚቀበላቸውን የማረጋገጫ መንገዶች ይዘረዝርለታል፦ ቤዚክ፣ ዳይጀስት፣ ኔጎሺዬት። ብሮውዘሩ ከሚያውቃቸው ውስጥ ጠንካራውን መርጦ፣ ማስረጃውን «ኦቶራይዜሽን» በሚባለው መስመር አስይዞ ያንኑ ጥያቄ በድጋሚ ይልካል።

ብዙ ሰው 401ን 403 ከሚባለው ሌላ የመልስ ቁጥር ጋር ያምታታል። አይፈረድበትም። የ401 የእንግሊዝኛ ስም «ያልተፈቀደለት» የሚል ስለሆነ ስሙ ራሱ ያሳስታል። ትክክለኛ መልእክቱ «ማን እንደሆንክ አላወቅሁም፣ መታወቂያ አሳየኝ» ነው። 403 ግን «ማንነትህን ባውቅም አላስገባህም» ማለት ነው።

ቤዚክ ላይ እባካችሁ ጠንቀቅ በሉ። ስሙንና የይለፍ ቃሉን በሁለት ነጥብ አያይዞ ቤዝ64 በሚባል፣ መረጃን በተራ ፊደላትና ቁጥሮች በሚጽፍ ዘዴ ይጽፋቸዋል። ይህ ምስጠራ አይደለም፤ መስመሩን የያዘ ሁሉ በሰከንድ ይፈታዋል። ያለ ኤችቲቲፒኤስ (ግንኙነቱን ከሚመሰጥረው የድር መንገድ) በፍጹም አትጠቀሙበት። ዳይጀስት የይለፍ ቃሉን ራሱን አይልክም። ሰርቨሩ ከሰጠው ኖንስ ከሚባል ኮድ ጋር ቀላቅሎ፣ ያሰላውን ውጤት ብቻ ይልካል።