194,313፦ የዐቢይ ቀመር ቀናት

194,313 የአንድ ዐቢይ ቀመር ቀናት ብዛት ነው። ዐቢይ ቀመር በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን በዓላትንና አጽዋማትን በምታወጣበት ስሌት፣ 532 ዓመት የሚፈጅ ዑደት ነው። ቁጥሩ በግዕዝ ፲፱፼፵፫፻፲፫ ተብሎ ይጻፋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ያለ ምንም ልዩነት 6 ትሆናለች። ስለዚህ አራት ዓመት 1,461 ቀን ነው፤ 532 ዓመት ደግሞ የዚያ 133 እጥፍ። ጨረቃ በ19 ዓመት፣ የሳምንቱ ዕለትና ወንጌላዊ (ዓመቱ በተራ የሚሰየምበት የወንጌል ጸሐፊ) በ28 ዓመት ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። 19 በ28 ሲባዛ 532 ይመጣል። ማዕከላዊ ቀመር የሚባለው 76 ዓመትም አለ፤ 27,759 ቀን ነው። ለ7 ሲካፈል ግን 4 ይተርፋል፤ ዕለቱ አልገጠመም ማለት ነው። ሰባት ጊዜ ሲደጋገም ገጠመ።

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ እንጦጦ ማርያም፣ እንደ ሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ መስከረም 1 ቀን የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት ይታወጃሉ። የ2018ን እንይ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት ሲደመርበት 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው ቁጥር 12። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) የጨረቃ ሌሊት መቁጠሪያው አበቅቴ 12፤ 12 በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ የፋሲካ ቀን ማውጫው መጥቅዕ 18። የሁለቱ ድምር ሁሌም 30 ነው፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ናቸዋ! ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ። በ1486ም ሚያዝያ 4 ነበር፤ በ2550ም እዚያው ይውላል። የጎርጎርዮስ ፋሲካ ግን ዑደቱን የሚዘጋው በ5,700,000 ዓመት ነው። የኛው በጣም ይሻላል!

ወደ ቁጥሩ ጠባይ እንምጣ። 194,313 = 3 × 7 × 19 × 487። አራቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከራሳቸውና ከ1 በቀር አካፋይ የላቸውም። 7 ከሳምንት፣ 19 ከጨረቃ፣ 3 እና 487 ከ1,461 የመጡ ናቸው። አካፋዮቹ በጠቅላላው 16 ናቸው። አራቱም ለ4 ሲካፈሉ 3 ያስተርፋሉ፤ በዚህ የተነሳ 194,313 የሁለት ሙሉ ቁጥሮች ስኩዌር ድምር ሆኖ በጭራሽ አይጻፍም።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ከ194,313 በታች ሆነው ከ1 በቀር ከእሱ ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች 104,976 ናቸው። ይህም 18 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኝ ነው፤ 18 × 18 × 18 × 18። ለባሕረ ሐሳብ ምንም አይጠቅምም፤ ግን ደስ ይላል።

እዚያው እንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የጠፈር መመልከቻ አለ። የዘመኑ ልኬት የጨረቃን ወር በአማካይ 29.53059 ቀን ይለዋል። ዐቢይ ቀመር 6,580 የጨረቃ ወር ይይዛል፤ 194,313 ለእሱ ሲካፈል 29.53085 ይሰጣል። ልዩነቱ በ532 ዓመት ውስጥ ሁለት ቀን አይሞላም።