የጦር ጉዳተኞችና የተሰዉ ወታደሮች ቤተሰቦች ጡረታ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ለወታደር ተብሎ ለብቻው የቆመ የጡረታ ሕግ የለም። ወታደሩ፣ ፖሊሱ፣ አስተማሪውና የመዝገብ ቤት ሠራተኛው በአንድ አዋጅ ሥር ናቸው፤ በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ። አዋጁ በ2003 ዓ.ም. በቁጥር 714 ወጣ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተካ። እዚህ የምጠቅሳቸው መቶኛዎች በ2003ቱ አዋጅ የተቀመጡት ናቸው።

ወታደሩ ከሌላው የሚለይባቸው ቦታዎች ግን አሉ። አንዱ መዋጮው ነው። ከሁሉም ሠራተኛ ደመወዝ በየወሩ 7 በመቶ ይቆረጣል። ለሲቪል ሠራተኛ መንግሥት 11 በመቶ ይጨምርበታል። ለወታደርና ለፖሊስ ግን የመንግሥት ድርሻ ደረጃ በደረጃ አድጎ 25 በመቶ እንዲደርስ ተደርጓል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወታደር ቶሎ ጡረታ ይወጣል፤ ጉዳቱም ሞቱም ከሌላው ሥራ ይበዛል። የአገልግሎት ዘመን ስሌቱም ይለያል። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25፣ ለወታደሩና ለፖሊሱ 1.65 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው ለሁሉም 70 በመቶ ነው።

አሁን ወደ ጉዳተኛው እንምጣ። ሕጉ ሁለት ዓይነት ጉዳት ይለያል። በሕመም ምክንያት ማገልገል ያልቻለ ሰው የዘለቄታ አበል የሚያገኘው ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ ነው። ካልሞላው ዳረጎት፣ ማለትም የአንድ ጊዜ ክፍያ ተሰጥቶት ይሰናበታል። በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ግን የአገልግሎት ዘመኑ አይቆጠርበትም። ሥልጠና ጨርሶ በወሩ ግንባር ላይ እግሩን ያጣ ወጣትም መብቱ ሙሉ ነው። ይህ የሕጉ ትልቁ ደግነት ነው እላለሁ።

ጉዳቱ ቋሚ መሆኑንና ስንት በመቶ እንደሆነ የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። ወታደሮች «በቦርድ ተሰናበተ» የሚሉት ከዚህ የመጣ ነው። ቢያንስ 10 በመቶ ጉዳት ደርሶበት ከሥራ የተሰናበተ ሰው ከመጎዳቱ በፊት ይከፈለው ከነበረው የወር ደመወዝ 47 በመቶውን ዕድሜ ልኩን ያገኛል። የአገልግሎት ጡረታው ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ የሚበልጠው ይከፈለዋል። ተጎድቶም መሥራት የሚችል ደግሞ ዳረጎት ይሰጠዋል። ስሌቱ የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ተባዝቶ፣ እንደገና በጉዳቱ መቶኛ ይባዛል። ደመወዙ 4,000 ብር፣ ጉዳቱ 30 በመቶ ቢሆን 33,840 ብር ይመጣል።

እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የዕድሜ ልክ አበሉ የሚለካው በደመወዝ እንጂ በቁስሉ ክብደት አይደለም። ሁለት ዓይኑን ያጣ ተራ ወታደርና አንድ እጁን ያጣ ኮሎኔል ሁለቱም 47 በመቶ ያገኛሉ፤ ግን ከምኑ 47 በመቶ? ከፊት የሚሰለፈው አብዛኛው ዝቅተኛ ደመወዝተኛ ነው። ብዙውን ጊዜም ወጣት ነው። በዚያች ትንሽ አበል 40 ዓመት ሊኖርባት ይችላል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በየጊዜው ዝቅተኛውን አበል ከፍ ያደርጋል። የገበያው ዋጋ ግን ማስተካከያውን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ወታደሩ ከተሰዋ አበሉ ለተተኪዎች ይተላለፋል። ሚስት ወይም ባል ሟች ሊያገኝ ይገባው ከነበረው አበል 50 በመቶ ያገኛሉ። እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ አለው። በሟች ይጦሩ የነበሩ እናትና አባት 15፣ 15 በመቶ ይደርሳቸዋል፤ ሌላ ተተኪ ከሌለ ወደ 20 ከፍ ይላል። ድምሩ ከ100 ካለፈ ከሁሉም ላይ እየተመጣጠነ ይቀነሳል።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይገባል። ያው የ4,000 ብር ደመወዝተኛ ቢሰዋ መነሻው የደመወዙ 47 በመቶ፣ ማለትም 1,880 ብር ነው። ሚስቱ 940፣ ሁለት ልጆቹ እያንዳንዳቸው 376 ብር ይደርሳቸዋል። የተሰዋው ያላገባ ወጣት ከሆነና ይጦራት የነበረች እናቱ ብቻ ካለች፣ በዚህ ስሌት የእሷ ድርሻ 376 ብር ነው። ይህ የዝቅተኛው አበል ማስተካከያ ሳይታሰብ ነው። ቢሆንም ላላገቡ ወታደሮች እናቶች ሕጉ እጁ አጥሮበታል ብዬ አምናለሁ። ልጅ ለእናት ማለት የ20 በመቶ ጥሪት አልነበረም።

ወደ ኋላ ስንመለስ፣ በድሮ ዘመን የወታደር ካሣ መሬት ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ለአርበኞች መሬት ተሰጥቷል። በገንዘብ የሚከፈል ዘመናዊ ጡረታ በሕግ የቆመው በ1953 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ነው። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ ደርግ ለጉዳተኞች ደብረ ዘይት ላይ ጀግኖች አምባን፣ ለሙት ልጆች ደግሞ አላጌ ላይ ሕፃናት አምባን አቋቁሞ ነበር። ኮሪያ ዘምተው ከ120 በላይ ሰው የሞተባቸውና ከ500 በላይ የቆሰለባቸው የቃኘው ሻለቃ ጦር ዘማቾች ደግሞ ከገዛ አገራቸው ጡረታ ሌላ ከደቡብ ኮሪያም ድጋፍ አግኝተዋል፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸውም የትምህርት ዕድል ደርሷቸዋል። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲፈርስ ወደ 450 ሺህ የሚጠጋ ሰው በአንድ ጊዜ ተበተነ። ለዚያ የተቋቋመው ኮሚሽን ስሙ ውስጥ የጦር ጉዳተኞችንም ይዞ ነበር።

በተግባር ቤተሰብን የሚያደክመው ወረቀቱ ነው። የሞት ማስረጃ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች ልደት፣ ከፍርድ ቤት የሚወጣ የወራሽነት ወይም የተተኪነት ውሳኔ ይጠየቃል። ባህላዊ ጋብቻ ፈጽማ ገጠር የምትኖር ሚስት ጋብቻዋን በምስክር ለማስረዳት ከወረዳ ዞን ትመላለሳለች። ፋይሉ አንዴ ካለቀ አበሉ በባንክ ሒሳብ ይገባል።

ከሁሉም የሚከብደው መርዶ ያልመጣለት ቤት ነው። አስከሬን የለም፣ ደብዳቤ የለም፣ ስልኩም አይሠራም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለ2 ዓመት ወሬው የጠፋ ሰው በፍርድ ቤት መጥፋቱ እንዲታወጅ ለመጠየቅ ይፈቅዳል። ያ ውሳኔ ጋብቻን ያፈርሳል፤ ውርስንም ይከፍታል። ስለዚህ ማመልከቻውን የምትፈርመው ሚስት ባሌ ሞቷል ብላ በገዛ እጇ እንደመፈረም ይሆንባታል። ብዙዎች ሳያመለክቱ ዓመታት የሚያሳልፉት ለዚህ ነው፤ አንድ ቀን በሩን ያንኳኳል እያሉ።